ብቻውን የሚያጠና ተማሪ

በአሜሪካ ጥቁሮች፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ዜጎችና የነባር ሕዝቦች ተወላጆች በሳይንስና በምህንድስና ሙያ ያላቸው ድርሻ ከሕዝብ ቁጥራቸው እጅግ ያነሰ መሆኑ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲነገር የኖረ ጉዳይ ነው። ክርክሩ ግን በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ማን ይግባ፣ በምን ነጥብ ይግባ፣ ዘሩ ይታይለት ወይስ አይታይለት የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤቶችንም ፖለቲከኞችንም ጋዜጦችንም ሲያነታርክ፣ የገባው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የካልኩለስና የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ምን ይገጥመዋል የሚለው ለጥቂት ተመራማሪዎች ተትቷል። የተጠራቀመው መረጃ እንደሚያሳየው ደግሞ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ጥናቶች እነዚህን ተማሪዎች «በቂ ውክልና የሌላቸው አናሳዎች» በሚል የወል ስም ይጠሯቸዋል። የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በቁጥር አናሳ ቢሆኑም በሳይንስ መስኮች ከድርሻቸው በላይ ስለሚገኙ በስያሜው አይካተቱም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የከፍተኛ ትምህርት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንደኛው፣ ኮሌጅ ሲገቡ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ለመመረቅ የሚያስቡት የአናሳዎቹ ተማሪዎች መጠን ከነጮቹና ከእስያውያኑ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን አስበው ከገቡት መካከል በ5 ዓመት ውስጥ በነዚሁ መስኮች የተመረቁት ከእስያውያኑ 42 በመቶ፣ ከነጮቹ 33 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከላቲን አሜሪካ ተወላጆቹ 22 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ 18 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ሳይንስ ከጀመሩት ውስጥ ወደ ሌላ የትምህርት ዘርፍ የሚዞሩትን መጠን ከነጮቹ 29፣ ከላቲን አሜሪካ ተወላጆቹ 37፣ ከጥቁሮቹ 40 በመቶ አድርጎ ካሰፈረ በኋላ፣ በሌሎች ዘርፎች ተመሳሳይ ልዩነት እንደማይታይና በሳይንሱ የሚታየውም ቢሆን በሁለተኛ ደረጃ ዝግጅት ማነስ ብቻ ተብራርቶ እንደማያልቅ ገልጿል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ፍላጎቱም ድፍረቱም ኖሮት የገባው ወጣት ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የተማሪውን ጉድለት መቁጠር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደካማ ነበር፣ ቤተሰቡ ድሀ ነው፣ ወላጆቹ ለትምህርት ትኩረት አይሰጡም፣ እሱም ተነሳሽነት የለውም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ባለሙያው ዩሪ ትራይስማን ስለ ጥቁር ተማሪዎች ውድቀት መምህራኑን ሲጠይቅ የሰማቸው መልሶችም ከነዚህ አይዘሉም ነበር። ችግሩ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ከ1965 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ከጨረሱ ጥቁር ተማሪዎች 60 በመቶ ያህሉ ዲ ወይም ኤፍ አግኝተዋል። ትራይስማን የተሰጡትን መላምቶች እንደ ወረዱ አልተቀበለም፤ 20 ጥቁር ተማሪዎችንና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸውን ተማሪዎች መርጦ ከክፍል ውጭ እንዴት እንደሚያጠኑ በመኝታ ክፍላቸውና በቤተ መጻሕፍት እየተከተለ ለወራት ተመለከተ። የተነገሩት ምክንያቶች አንድ በአንድ ወደቁ። ቤተሰቦቹ ልጆቻቸው ኮሌጅ እንዲገቡ ሲሉ ብዙ የደከሙ ነበሩ፤ ተማሪዎቹም የየትምህርት ቤታቸው ቁንጮዎች ሆነው የመጡ ስለነበሩ ስለ ተነሳሽነታቸው ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር አልነበረም። ይባስ ብሎ በመግቢያ ፈተና የሒሳብ ውጤታቸው የላቀ ጥቁር ተማሪዎች ሳይቀሩ በብዛት ይወድቁ ነበር።

ልዩነቱ የተገኘው ትንሽ በሚመስል ቦታ ላይ ነበር። መምህራኑ ለአንድ ሰዓት ክፍል 2 ሰዓት አጥኑ ብለው ይመክሩ ስለነበር፣ በሳምንት 4 ሰዓት ካልኩለስ የሚማሩት ጥቁር ተማሪዎች 8 ሰዓት ያህል ያጠኑ ነበር፤ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ያዘዛቸውን አንድ ሰዓት ሳያጓድሉ ፈጽመዋል። ከ20ዎቹ 18ቱ ያጠኑ የነበረው ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች በአንጻሩ በሳምንት 14 ሰዓት ያህል በካልኩለስ ላይ ያሳልፉ የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 8 እስከ 10 ሰዓት ለየብቻቸው ከሠሩ በኋላ ቀሪውን አብረው ራት በልተው የቤት ሥራቸውን በማስተያየት፣ ከቤተ መጻሕፍት የተገኙ የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችን በመሥራትና አንዱ ሌላውን በመጠየቅ ያሳልፉታል። አንድ ጥያቄ ለሁሉም ካቃተ ከባድ ጥያቄ መሆኑን ያውቃሉ፤ ለአንዱ ብቻ ካቃተ እሱ የሳተው ነገር እንዳለ ይገነዘባል። ብቻውን የሚያጠናው ተማሪ ይህን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ያቃተው ጥያቄ ሁሉ የራሱን ችሎታ ማነስ የሚመሰክር መስሎ ይታየዋል፤ የፈተና ውጤት በተለጠፈ ጊዜም የደነገጠው ሳያጠና ቀርቶ ሳይሆን የታዘዘውን ሁሉ አጥንቶ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ የሚማርበትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ልዩነት ክብደት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የግኝቱ ስስ ብልት ያለው ብቸኝነቱ ከየት እንደመጣ በሚገልጸው ክፍል ላይ ነው። እነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከደካማ ትምህርት ቤቶች የወጡት ከእኩዮቻቸው ራሳቸውን ነጥለው፣ ጨዋታውንና ጓደኝነቱን በአንድ በኩል፣ ትምህርቱን በሌላ በኩል አድርገው በመኖራቸው ነበር። ራስን መቻል ወደ በርክሊ ያደረሳቸው ምግባር ሆኖ ሳለ በርክሊ ሲደርሱ ግን ጣላቸው። አንድን ተማሪ ለስኬት ያበቃ ልማድ በሚቀጥለው ደረጃ ዕዳ ሊሆንበት እንደሚችል የሚነግር ሰው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አልነበረም። የነበሩት የድጋፍ አገልግሎቶች «ደካማ» ለተባሉ የተዘጋጁ በመሆናቸው እነዚህ ኩሩ ተማሪዎች ወደዚያ ዝር ማለት አልፈለጉም።

ትራይስማን ያቋቋመው የጋራ ሥራ መድረክ ከማካካሻ ትምህርት ጋር የሚያመሳስለው ነገር አልነበረም። ተማሪዎቹ የተጋበዙት ለጎበዞች የተዘጋጀ መርሐ ግብር ነው ተብለው ሲሆን፣ ከመደበኛው ክፍል በተጨማሪ በሳምንት 2 ጊዜ ለ2 ሰዓት ያህል በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው ከቤት ሥራው የሚከብዱ ጥያቄዎች የሰፈሩበት የመልመጃ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ ማንም ብቻውን እንዳይወጣቸው ተደርገው የተጻፉ ናቸው። አስተባባሪው ሰሌዳ ላይ መልስ አይጽፍም፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እንዲያስረዳ ያደርጋል፤ የተሳሳተውም ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ በራሱ አፍ እንዲናገር ይጠብቃል። የተሳተፉት ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ተማሪዎች ውጤት ካልተሳተፉት በእጅጉ ከመብለጡም በላይ፣ በካልኩለስ መውደቅ በመካከላቸው ብርቅ ሆነ። ትራይስማን ሥራውን በሰፊው ያስተዋወቀውን ጽሑፍ በ1992 አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው።

ሐሳቡ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ በጉዞው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጣዕሙን አጥቷል። መድረኩን የወሰዱ አንዳንድ ተቋማት ከባዱን ጥያቄ አውጥተው ቡድኑን ብቻ ይዘው በመቅረታቸው፣ የተረፈው ከክፍል በኋላ የሚደረግ ቀለል ያለ ክለሳ ሆነ። ቡድን በራሱ ተአምር እንደማይሠራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በኢሕአዴግ ዘመን በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ጎበዙ ደካማውን እንዲደግፍ የታለመ ነው ቢባልም፣ ቡድኑ ከላይ በትእዛዝ የተደራጀ፣ ሪፖርት የሚጠየቅበትና ለፖለቲካ ቁጥጥርም የዋለ በመሆኑ ተማሪው ያላወቀውን ነገር አላወቅሁም ብሎ የሚናገርበት ቦታ ሊሆን አልቻለም። የበርክሊውን ቡድን የሚያስተሳስረው ፊቱ የቀረበው ከባድ ጥያቄ ነበር፤ የአንድ ለአምስቱን ያስተሳስረው የነበረው የስም ዝርዝር ነው።

ተማሪው ራሱ ከመደገፉ በፊት የሚማርበት ክፍል መጠየቅ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ በሌላ መስመር የመጣ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ኮርሶች «ማጣሪያ» መሆናቸው በይፋ ባይጻፍም ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ መቶዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ መምህሩ ንግግር ያደርጋል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በንጽጽር ነው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ሪላቲቭ» ወይም «ከርቭ» የሚሉት ይህ የንጽጽር አሰጣጥ ኤ የሚያገኙትን ሰዎች ብዛት አስቀድሞ ስለሚወስን፣ ጓደኛን ማስረዳት የራስን ውጤት መጉዳት ይሆናል። ኢሌን ሲሞርና ናንሲ ሂዊት በ7 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን አነጋግረው በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ሳይንስን ትተው የሄዱትና የጸኑት ተማሪዎች በችሎታ ረገድ ያን ያህል እንደማይለያዩ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት ቀዳሚ ቅሬታም የማስተማሩ ጥራት መሆኑን አሳይተዋል። የጸኑት ክፍሉን የወደዱ ሳይሆኑ ክፍሉን የሚቋቋሙበት ሌላ ድጋፍ የነበራቸው ናቸው፤ ሌላ ድጋፍ የሌለው ማን እንደሆነ ለመገመት ደግሞ አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ንግግር ብቻ በሚደረግበት ክፍል የሚማር ተማሪ የመውደቅ ዕድሉ አሳታፊ ዘዴ ካለበት ክፍል ተማሪ በ1.5 እጥፍ እንደሚበልጥ አገኙ። አሳታፊ ዘዴ ማለት በክፍሉ ሰዓት ተማሪዎች በቡድን ጥያቄ የሚሠሩበት፣ መልሳቸውን የሚሟገቱበትና መምህሩም በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚያብራራበት አካሄድ ነው። በ2020 ደግሞ ኤሊ ቲዮባልድ የመራችው ተመሳሳይ ስብስብ ጥናት ይህ ዘዴ በአናሳዎችና በሌሎች ተማሪዎች መካከል ያለውን የፈተና ውጤት ልዩነት በ33 በመቶ፣ የማለፍ መጠን ልዩነቱን በ45 በመቶ እንደሚያጠብ ደምድሟል። ሆኖም ውጤቱ ጎልቶ የታየው አብዛኛው የክፍል ሰዓት ለዚህ በዋለባቸው ኮርሶች እንደሆነ ጥናቱ አክሎ ይናገራል። በአንድ ሰዓት ንግግር መካከል ለ5 ደቂቃ «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተወያዩ» ማለት ከዚህ ቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም፤ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ «አሳታፊ» እየተባለ የሚሰጠው ሥልጠና ይህችን ነጥብ ዘልሏት የሚያልፍ መሆኑ ያሳዝናል።

የበርክሊው መድረክ በአንድ ኮርስ ላይ ያተኮረ ነበር፤ አራቱን የዲግሪ ዓመታት በሙሉ የሸፈነው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ የሚገኘው የሜየርሆፍ መርሐ ግብር ነው። የባልቲሞሩ በጎ አድራጊ ሮበርት ሜየርሆፍና ባለቤቱ ጄን በ1988 ገንዘብ ሰጥተው የተመሠረተው ይህ መርሐ ግብር በ1989 የተቀበለው 19 ጥቁር ወንድ ተማሪዎችን ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ሴቶችን ጨመረ። ንድፉን ያወጣው ፍሪማን ህራባውስኪ በ1950 በበርሚንግሃም አላባማ የተወለደ የሒሳብ ሰው ሲሆን፣ በ1963 በከተማይቱ ሕጻናት ለሲቪል መብት በወጡበት ሰልፍ ተሳትፎ በ12 ዓመቱ የታሰረ፣ በ19 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ24 ዓመቱ ዶክትሬቱን የያዘ ነው። ከ1992 እስከ 2022 ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት መርቷል፤ ለ30 ዓመት አንድ ሰው አንድን ሐሳብ ይዞ በአንድ ወንበር ላይ መቆየቱ ከማናቸውም የአሠራር ዝርዝር የማይተናነስ ምክንያት ነው።

የሜየርሆፍ ተማሪ የሚገባው በክረምት፣ መደበኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነው። ለ6 ሳምንት ያህል ከቡድኑ ጋር በአንድ ሕንጻ ያድራል፣ ሒሳብና ሌሎች ኮርሶችን ይወስዳል፣ የስልክ አጠቃቀሙ ይገደባል፣ ሰዓት ማርፈድ እንደ ቀልድ አይታይም፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ተደርጎ ይወሰዳል። በዓመቱ ውስጥ በቡድን ማጥናት እንደ ምርጫ የሚቀርብ ነገር ሳይሆን ግዴታ ነው። በመጀመሪያ ዓመት መሠረታዊ የሳይንስ ኮርስ ሲ ያመጣ ተማሪ ወደ ቀጣዩ ከማለፉ በፊት እንዲደግመው ይመከራል። ሲ ማለፊያ ነው፤ ነገር ግን በኬሚስትሪ አንድ ላይ የተንጠለጠለ ዕውቀት በኬሚስትሪ ሁለት ላይ እንደሚሰበር በህራባውስኪ ዘንድ ጥርጥር አልነበረም። ምርምርም ለመመረቂያው ዓመት የሚቀመጥ አይደለም፤ ተማሪው ቀደም ብሎ ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል፣ የመምህሩ የምርምር ቡድን አባል ሆኖ ይቆጠራል። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስን አወቃቀር የሚያጠናው ታዋቂው ኬሚስት ማይክል ሳመርስ ቤተ ሙከራውን ለነዚህ ተማሪዎች ከፍቶ ስማቸው በሳይንሳዊ መጽሔቶች ላይ እንዲወጣ ማድረጉ ለሌሎቹ መምህራን ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ መልእክት ነበር።

ውጤቱን ለመመዘን ዩኒቨርሲቲው የተጠቀመበት ንጽጽር ብልህነት ያለው ነው። ዕድሉ ተሰጥቷቸው ሳይቀበሉ ወደ ሌሎች፣ ብዙ ጊዜም ይበልጥ ስመ ጥር ወደሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች የሄዱ ተማሪዎች ስላሉ፣ ተቀብለው ከቀሩት ጋር ተነጻጽረው ሲታዩ የሜየርሆፎቹ በሳይንስ የዶክትሬት ትምህርት የመቀጠል ዕድላቸው ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከተመራቂዎቹ መካከል በ2008 የተመረቀችውና በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሞደርናውን የኮቪድ ክትባት ካስገኘው ቡድን ግንባር ቀደም ተመራማሪዎች አንዷ የነበረችው ኪዝሚኪያ ኮርቤት፣ እንዲሁም ከ2017 እስከ 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ የሕክምና ሹም የነበረው ጀሮም አዳምስ ይገኛሉ። የሚነሣው ተቃውሞ መርሐ ግብሩ አስቀድሞ ጎበዝ የሆኑትን ስለሚመርጥ ጉብዝናቸውን እንጂ የራሱን ሥራ አያሳይም የሚል ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ መርሐ ግብሩ ለደካማው ተማሪ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ አይሰጥም፤ ይሰጣል ተብሎም አልተነገረም። ነገር ግን ከትራይስማን ጥናት የምንረዳው የሚጠፉት ደካሞቹ ብቻ እንዳልሆኑ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ወጣት በኮሌጅ መክኖ የሚቀርበት ሥርዓት ባለበት አገር ጎበዙን ማትረፍ ትንሽ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ሌላው ጥያቄ ነገሩ ከህራባውስኪና ከባልቲሞር ውጭ ይሠራል ወይ የሚለው ነበር። የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል በ2013 ንድፉን ወስደው የየራሳቸውን መርሐ ግብር ጀመሩ፤ የሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ተቋምም ሥራውን በገንዘብ ደገፈ። በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ዘገባ በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎቹ ውጤትና ጽናት ከሜየርሆፍ የመጀመሪያ ዓመታት ጋር የሚወዳደር መሆኑን ገለጸ። ዋሽንግተን የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ መርሐ ግብር ያካሂዳል። ንድፉን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ የተሳካው ክፍሎቹን ቆራርሶ የሚወደደውን ብቻ ባለመምረጥ ነው፤ ክረምቱን ትቶ ስኮላርሽፑን፣ ወይም ቡድኑን ትቶ አማካሪውን ብቻ የወሰደ ተቋም ይህን ውጤት መጠበቅ አይችልም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሌላ በር ከፍተዋል። ክሎድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን በ1995 ባቀረቡት ጥናት ስለ ወገኑ የተነገረውን መጥፎ ግምት የሚያውቅ ተማሪ በፈተና ጊዜ ግምቱን እንዳያረጋግጥ በመስጋት ብቻ ውጤቱ ዝቅ እንደሚል አሳይተው ነበር፤ በኋላ በሰፋፊ ናሙናዎች የተደረጉ ድጋሚ ሙከራዎች ግን ተጽእኖው መጀመሪያ ከተነገረው ያነሰና የሚዋዥቅ ሆኖ አግኝተውታል። በዚህ መስክ ይህን ስጋት ለማቃለል የሚሰጡት የአንድ ሰዓት መልመጃዎች ርካሽ በመሆናቸው አስተዳዳሪዎችን ይማርካሉ፤ ርካሽነታቸው ግን የክፍሉን ሥራ ይተካሉ የሚል ተስፋ ሊያሳድር አይገባም። ገንዘብን በተመለከተ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ በጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ከምዝገባ ሊሰረዙ ላሉ ተማሪዎች አነስተኛ ድጎማ መስጠቱ ይጠቀሳል፤ ለመመረቅ ጥቂት ወራት የቀሩት ተማሪ በዚህን ያህል አነስተኛ ገንዘብ ይባረር እንደነበር ማወቅ በራሱ ብዙ ይናገራል።

በታሪክ የጥቁሮች የሆኑት ኮሌጆችም መዘለል የለባቸውም። ከአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት 3 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆኑም በሳይንስና በምህንድስና ከሚመረቁ ጥቁሮች ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በኒው ኦርሊንስ የሚገኘው ትንሹ የካቶሊክ ተቋም ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ጥቁር ተመራቂዎችን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት በመላክ በአገሪቱ ቀዳሚ ሆኖ የቆየው በሀብቱ አልነበረም። የኬሚስትሪ መምህሩ ጄ. ደብሊው. ካርማይክልና ባልደረቦቹ አንድ ኮርስ በየትኛውም መምህር ቢሰጥ አንድ የጋራ የመልመጃ መጽሐፍ እንዲኖረው ተስማምተው፣ የሳምንቱን ፈተናና የቡድን ጥናቱን በዚያ ላይ ገነቡ። መምህራን የየግል ነጻነታቸውን ለጋራ መጽሐፍ አሳልፈው መስጠታቸው ከማንኛውም ድጎማ የሚከብድ ስምምነት መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ማን በአናሳነት ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረውን የኢትዮጵያ ተወላጅ ኅብረተሰብ በቀጥታ ይነካል። የሜየርሆፍ መርሐ ግብር ያለበት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ከሰፈሩት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲሆን፣ ልጆቻቸው በዩኒቨርሲቲ ቅጽ ላይ «ጥቁር» ተብለው ይመዘገባሉ። ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት በምርጥ ኮሌጆች ከሚገኙ ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶ ያህሉ ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች መሆናቸውን፣ በዚያ ዕድሜ ካሉ ጥቁሮች ውስጥ ግን የስደተኞቹ ድርሻ 13 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። በባርነትና በዘር መለያየት ታሪክ የተጎዱትን ለማንሣት የታሰበ ዕድል በከፊል ወላጆቻቸው በራሳቸው ፈቃድ ለመጡ ልጆች ይደርሳል ማለት ነው። የኢትዮጵያውያኑን ልጆች ግን ይህ ቁጥር ጨርሶ አይገልጻቸውም፤ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ የስደቱ ድካም ከንቱ እንደሆነ የሚቆጥሩ፣ በፓርኪንግና በታክሲ ሥራ ያሳደጉት ወላጆች ስለ ኮሌጁ አሠራር ሊነግሩት የሚችሉት ጥቂት በመሆኑ፣ ልጁም እንደ በርክሊዎቹ ተማሪዎች በርትቶ፣ ግን ብቻውን ያጠናል። ሲ ያመጣ ቀንም ለወላጆቹ አይናገርም።

በኢትዮጵያ ለሴቶችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ የሚደረግበት አሠራር ከአሜሪካው ጋር የሚመሳሰለው በዚሁ በር ላይ ቆሞ በመቅረቱ ነው። ነጥቡ ተቀንሶላት የገባች ተማሪ ቱቶሪያል ይዘጋጅላታል፤ ነገር ግን ቱቶሪያሉ ክፍል ውስጥ ያልገባትን በዝግታ የሚደግምላት እንጂ ከባዱን ከሌሎች ጋር የምትታገልበት ባለመሆኑ፣ ከጥቅሙ ይልቅ «በአፊርማቲቭ የገባች» የሚለውን ስም ያጸናባታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ፕሮግራምም በስሙ ጭምር ማካካሻ ነው። ጎደሎው በእውነት ስላለ ማካካሻው አያስፈልግም ማለት አይቻልም፤ የኋላውን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ግን ተማሪውን ለሚጠብቀው የካልኩለስ ክፍል አያዘጋጀውም።

በአሜሪካ ሕጉ መንገዱን እያጠበበ ነው። በ1994 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ለጥቁሮች ብቻ የተለየውን ስኮላርሽፕ ሕገ ወጥ ካለው በኋላ ሜየርሆፍ በ1996 ለማንኛውም ዘር ተከፍቷል፤ ከዚያ ወዲህም የጠየቀው ተማሪው አናሳዎች በሳይንስ እንዲያድጉ ያለውን ቁርጠኝነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዘርን በቅበላ መመዘን ከከለከለ በኋላ፣ በ2025 ደግሞ ከብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚመጡና አናሳዎችን ለምርምር የሚያሠለጥኑ በርካታ ድጎማዎች ተቋርጠዋል። በነዚህ ድጎማዎች የሚከፈላቸው ተማሪዎች በክረምት ቤተ ሙከራ የሚውሉት አበል ስላለ ነበር፤ አበሉ ሲቀር ክረምቱን በችርቻሮ መደብር ያሳልፉታል። የመጀመሪያውን ዓመት የኬሚስትሪ ክፍል መለወጥ፣ የጋራ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ የንጽጽር ውጤት አሰጣጥን መተው ግን የፍርድ ቤት ፈቃድም የመንግሥት ድጎማም የማይሻ የዲፓርትመንት ውሳኔ ነው። ውሳኔው እስከ ዛሬ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የተወሰነበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ የአንድ መምህር እድገት የሚመዘነው ባሳተማቸው ጽሑፎችና ባመጣው የምርምር ገንዘብ በመሆኑ፣ 300 ተማሪ ያለበትን ኮርስ እንደገና ለመንደፍ የሚያጠፋው ሁለት ዓመት በማመልከቻው ላይ የሚሰፍርበት ቦታ የለውም።